የጽዱ ምሰሶ ግርጌ

ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ

ለማሂራ፣

ጥፋተኛው ጃፋር ነው። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ የማታ ትምህርት ቤት መምህሬም ይህንኑ ነግራኛለች። ግን ሰላምታ ካስቀደምኩ የፈራሁ ይመስልሻልና የጥፋተኛው ስም ይቅደም። ለትዳሬ መፍረስ፣ ለስሜ መጥፋት፣ ልጄን ዱንያን ያለ አባት ለማሳደጌ የምጠይቀው አያትሽን ጃፋርን ነው። አሁን ሰላም ላንቺ ይሁን። አላህ በሰው አገር ከብርድና ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ምላሴ ግን ጤነኛ ነው።

የላክሽውን ደብዳቤ ለማንም ሳላስነብብ በራሴ አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ከዘበኞችና ከቤት ሠራተኞች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቄ። ስለዚህ በስልክ አትመልሺልኝ። በስልክ የተባለ ነገር ኋላ አልተባለም ይባላል። በወረቀት ጻፊልኝ፣ በወረቀት እመልስልሻለሁ።

በእንጨት ውስጥ ካለው ቀለበት የድሮውን ዘመን ዝናብ አጠናለሁ ብለሻል። የአያትሽ አሮጌ ቤት ምሰሶ እኔ ሱቅ መግባቱንም ሰምተሻል። የነገረችሽ ዱንያ ናት መቼም፤ አፏ አይዘጋም። እውነት ነው። አምና ጃፋር አሮጌውን ቤት አፍርሶ የብሎኬት ቤት ሲያሠራ እንጨቱን ለደላላ ሰጠ። አይሱዙው መጥቶ ሲያራግፍ ከሱቄ ደጅ ቆሜ ነበር። እኔ አሮጌ በርና አሮጌ ጣውላ ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ እንጨት አይቼ አልደነግጥም። ያን ምሰሶ ሳየው ግን ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁት። ወገቡ ላይ እንደ ጡጫ የወጣ ቋጠሮ አለው። በየአረፋው አገር ቤት ስሄድ ከውጭ ቆሜ በበሩ በኩል የማየው ያን ቋጠሮ ነበር።

ለምን ከውጭ እንደምቆም አንቺ አታውቂ ይሆናል። አንቺ ፊት አይወራም። በ1976 ጥር ላይ ለጃፋር ታናሽ ወንድም ለቡርሃን ተዳርኩ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት ዝናብ ቀረ። በሚቀጥለውም ክረምት ቀረ። ከብቱ አለቀ። ጃፋር ሽማግሌ ሰብስቦ «ይህች ልጅ ከገባች ወዲህ ነው፤ እግሯ ደረቅ ነው» አለ። ባሌ አንገቱን ደፋ፤ አላህ ይዘንለት፣ አንገቱን እንደደፋ ሞተ። እኔ ዱንያን በሆዴ ይዤ ወጣሁ። ይህም አልበቃ አለ። የረገጥኩት ቤት ይለወጥ ተባለ። በሩ ላይ የነበረውን ትልቁን ጽድ አስቆረጡና አዲስ ቤት በአዲስ ምሰሶ አቆሙ። «ንጹሕ ምሰሶ» አሉት። አየሽ፣ ያ ዛፍ የወደቀው በእኔ ሰበብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለለቅሶ ስሄድ ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ነው የምገባው፤ ለሠርግ ከሆነ ጭራሽ አልገባም። ልማዱ መርካቶ ድረስ ተከትሎኛል። የሰው ሱቅ ስገባ ሌላ ሰው እስኪቀድመኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። የራሴን ሱቅ ስከፍት እንኳ ጎንበስ ብዬ የቱ እግሬ እንደቀደመ አያለሁ።

የጠየቅሽኝን የምሰሶውን ክብ ቁራጭ በጓደኛሽ እጅ ልኬልሻለሁ፤ ከአገር የማውጫ ፈቃድ ይዞ መጥቶ ነበር። እንደ ደንቡ አሰናድቼዋለሁ፣ አታፍሪበትም። እኔ ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እንጨቱ ዝናብ የቀረበትን ዓመት ካወቀ ዓመቱን ንገሪኝ።

ሰዓደት

*

ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጀርመን

ለማከብርዎት ለእትዬ ሰዓደት፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጉልበትዎ አላህ ሽፋውን ያምጣልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ከሰዓት በኋላ ወዲያው ይጨልማል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ ይሄዳል።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አያቴ ስለጻፉት ምን እንደምመልስ አላውቅም። እርሱ ስለ እርስዎ አይናገርም። ልጆች ሆነን «ያቺ ሴትዮ ለምን አትገባም?» ስንል «ታማለች» ነበር የሚሉን።

ቁራጩ በሰላም ደርሷል። እንዴት ያምራል! እንደ መስታወት ያበራል። ባልደረቦቼ ለጌጥ የተላከ ስጦታ መስሏቸው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነበር።

ሥራዬን ላስረዳዎ። ጽድ በየክረምቱ ይወፍርና አንድ ቀለበት ይጨምራል። ዝናብ ከጠገበ ቀለበቱ ሰፊ ይሆናል፤ ዝናቡ ካነሰ እንደ ክር ይቀጥናል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻው ዓመት ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ እየቆጠርን ወደ ኋላ እንሄዳለን። አንድ ዛፍ ሊሳሳት ስለሚችል ከሌሎች ዛፎች ጋር እናስተያየዋለን። የእርስዎ ጽድ ከመቶ ሃምሳ ቀለበት በላይ አለው።

እኔ የምፈልገው ዝናቡን ብቻ አይደለም። ዝናብ በቀረ ጊዜ ሰው ምን አደረገ? ማን ተሰደደ? ማን ቀረ? ምን ተከለ? ከአገር ቤት ወንዝ ላይ «የሀያቱ መሻገሪያ» የሚባለውን ያውቁታል። «ዝናብ ያሰረች ሴት በዚህ ተሻግራ ሄደች» እያሉ ያስፈራሩን ነበር። ዘመኑን የሚያውቅ ሰው የለም። በቁራጩ ውስጥ፣ ወደ መሃል ጠጋ ብሎ፣ ተከታታይ ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ። የእርሷ ዘመን ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ይሆናል አልልም፤ አስባለሁ ብቻ።

ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት አያቴን በስልክ እጠይቀውና የጠየቁኝን እመልስልዎታለሁ። ኢንሻአላህ አይቆይም።

አክባሪዎ ማሂራ

*

ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
መርካቶ

ለማሂራ፣

አላህ ጤና ይስጥሽ። አይቆይም ብለሽኝ ነበር፤ ቆየ። እኔ ዝምታ አውቃለሁ። ባሌም አንገቱን ከመድፋቱ በፊት እንደዚህ ነበር ዝም ያለው።

ፉርቃንን ታውቂዋለሽ፤ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም የሚሸጠው የአገራችን ሰው። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ወጥቶ ቀጥታ እኔ ጋ መጣ።

«እትዬ ሰዓደት፣ ስምዎ ጀርመን ገባ አሉ!»

«ቪዛ ሳይጠይቁኝ?» አልኩት።

«ጃፋር መስጊድ ደጅ ቆሞ ተናገረ አሉ። የጀርመን ማሽን እንጨቱን አይቶ፣ የደረቀው ልክ እርስዎ የነበሩበት ሁለት ክረምት ነው አለ አሉ። እኔ እንኳ አላመንኩም።»

«አላመንክም። ግን ይህን ለመንገር ከአንዋር እስከ ምናለሽ ተራ በእግርህ መጣህ።»

«መኪና መቼ ያሳልፋል ብለው ነው!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

በማግስቱ ጠዋት ኮረሪማ ልገዛ ሱቁ ሄድኩ። ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ እጁን ዘረጋና «እትዬ፣ ገና አልሸጥኩም። አንድ ሰው ይግዛልኝና ይገባሉ» አለኝ። አላመንኩም ያለው ሰው ነው! ያለ ኮረሪማ ተመለስኩ።

ከዚያ ዱንያ እያለቀሰች መጣች። ልጇ አፍራ ለአረፋ ልትዳር ነው። ሠርጉ አገር ቤት ነው፣ ሙሽራዋ የምትወጣውም ከቤተሰቡ ታላቅ ከጃፋር አዲሱ ቤት ነው። ጃፋር ልኮባታል፤ «እናትሽ ትምጣ፣ ከድንኳኑ ውጭ ግን ትቆይ። ሙሽራዋ እስክትሸኝ ወደ በሩ እንዳትጠጋ። አሁን እኔ ብቻ ሳልሆን ሳይንስም የሚለው ነው» ብሎ።

አፍራን በእነዚህ ጉልበቶቼ ላይ አሳድጌያለሁ። እናቷ ቆርቆሮ ተራ ስትውል ወተቷን የማጠጣት፣ ጥርሷ ሲነቀል ጣሪያ ላይ የምወረውርላት እኔ ነበርኩ። አሁን ስትዳር ከድንኳን ውጭ ቆሜ በቀዳዳ ልያት?

ማሂራ፣ እኔ ዓመቱን ለእኔ ንገሪኝ አልኩሽ። ለጃፋር ንገሪልኝ አላልኩም። ምን እንዳየሽ በእጅሽ ጻፊልኝ። ከፉርቃን አፍ መስማት ሰልችቶኛል።

ሰዓደት

*

የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጀርመን

ለማከብርዎት ለእትዬ ሰዓደት፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎን ከአላህ እየለመንኩ፣ ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩት ልንገርዎ።

አያቴ ዛፉ በ1978 ጥር ላይ እንደተቆረጠ ነገረኝ። እንዲያ ከሆነ የመጨረሻው ቀለበት የ1977 ክረምት ነው ማለት ነው። ከዳር ወደ ውስጥ ቆጠርኩ። ዳር ላይ ሁለት ቀለበቶች እንደ ክር ቀጥነዋል። ከእነርሱ በፊት ያሉት ሰፋፊ ናቸው፣ ዝናብ የጠገቡ። ሁለቱ ቀጫጭኖች የ1976 እና የ1977 ክረምት ይሆናሉ። እርስዎ በዚያ ቤት የኖሩባቸው ሁለቱ ክረምቶች።

ያየሁት ይህ ነው። እርስዎ ከሌላ እንዲሰሙት አልፈለግሁም ነበር፤ ግን እንዴት ብዬ እንደምጽፍልዎ አጣሁ። በዚያው ሳምንት አያቴ ደውሎ «ምን አገኘሽ?» ሲለኝ ነገርኩት። ስለ ቀለበት እያስረዳሁት መስሎኝ ነበር። እርሱ የሰማው ሌላ ነው። ከሌሎች ዛፎች ጋር ሳላስተያይ አፌን መክፈት አልነበረብኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እባክዎ ይመኑኝ፣ እንጨቱ ዝናብ መቅረቱን እንጂ ማን እንዳስቀረው አይናገርም። ይህን ለአያቴም ብዬዋለሁ። «እሱን ለእኔ ተይልኝ» አለኝ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። የቁራጩ ዳር በጣም ለስላሳ ነው። ሲነሣ ቅርፊት አልነበረውም? ከሱቅዎ ከመውጣቱ በፊት የተነካ ነገር አለ?

ስለ ሠርጉ ከልቤ አዝኛለሁ። ምናልባት ዘንድሮን ቢታገሡስ? ለአፍራ በኋላ መርካቶ ላይ ለብቻ ብንደግስላት? ለእርሱ የሚሆነውን ሁሉ እኔ እልካለሁ። አያቴ ሽማግሌ ነው፤ አሁን ቢጣሉ ዕርቅ የሚሆንበት ጊዜ የለም።

አክባሪዎ ማሂራ

*

መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
መርካቶ

ለማሂራ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። በእጅሽ የጻፍሽው ክፉ ነገር ከፉርቃን ሳቅ ይሻለኛል።

ቅርፊት ትይኛለሽ! ጀርመን ድረስ የሚላክ ነገር ከነቅርፊቱ ይላካል? ባለጌ መሰልኩሽ? አናጢውን ሀብተ ወልድን ቁጭ አድርጌ ዙሪያውን አስልጌው፣ በብርጭቆ ወረቀት አስፈግፍጌው፣ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ አስቀብቼ ነው የላክሁልሽ። እዚህ ምናለሽ ተራ አሮጌ እንጨት ገዢ የሚያገኘው አሮጌነቱ ሲጠፋ ነው። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ሄጄ «ከዳሩ ስንት ላግህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ እንጃ እትዬ፤ ቆንጆ እስኪሆን» አለኝ። ያ ምሰሶ ያኔ ሲቆምም ተልጎ ነው የቆመው። እንግዲህ ስንት ክረምት መሬት ላይ ተጠርጎ እንደተጣለ አላህ ይወቅ። አናጢው ፍቅፋቂውን ሻይ አፍልቶበታል።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የምሰሶው ግርጌ እኔ ጋ ነው። መሬት ውስጥ ተቀብሮ የነበረው ጫፍ ገዢ የለውም፤ ስለዚህ ክንድ የሚሆነውን አስቆርጬ አስቀረሁት። ለምን እንዳስቀረሁት ትጠይቂኝ ይሆናል። ልቀመጥበት ነዋ! ጃፋር «ንጹሕ» ባለው ምሰሶ ላይ ተቀምጬ ሻዬን እጠጣለሁ፣ ደላላ እሰድባለሁ፣ ይህን ደብዳቤም እየጻፍኩ ያለሁት እሱ ላይ ሆኜ ነው። መሬት የሚገባውን ጫፍ ማንም አይልግም። ጠቁሯል፤ በአንድ በኩል ግን ቅርፊቱ እንዳለ አለ። ከላዩ ስስ ቁራጭ አስነሥቼ ለጓደኛሽ ሰጥቻለሁ። እሱ ከነጉድፉ ይምጣ ብሎኛል፤ ከነጉድፉ ይመጣልሻል። መቀመጫዬን ግን አልሰጥም።

ከመቁጠርሽ በፊት ግን ስሚኝ። ከቆጠርሽ በኋላ ብናገረው እንጨቱ የልብ ልብ ሰጣት ትያለሽና አሁን ልናገር።

ድርቁ በእውነት እኔ በገባሁበት ክረምት ጀምሮ ቢሆንስ? ይሁን! ያን ዓመት በዚያ አገር የገባሁት ሙሽራ እኔ ብቻ ነበርኩ? ስንት ልጅ ተወልዷል፣ ስንት ሰው ከዘመቻ ተመልሷል። ጃፋር ራሱ ያን ጥር አዲስ በሬ ገዝቶ አስገብቷል። ያን በሬ እግሩ ደረቅ ነው ያለው ሰው የለም። በሬ ያርሳላ! እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ወንድም አልነበረኝም፣ አባቴ ሞቷል። የሚቆምልኝ ሰው ስላልነበረ ክሱ እኔ ላይ መጣ። ይህን ለማወቅ ማሽን አላስፈለገኝም፣ አሁንም አያስፈልገኝም።

ዘንድሮን ታገሺ አልሽኝ። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው የታገሥኩት። ዕርቅ ላልሽውም፣ ዕርቅ ሁለት ሰው ሲበዳደል ነው። እኔ ጃፋርን ምን አደረግሁት? ለድግሱም ምንም አትላኪ። የአፍራ ሠርግ አንድ ነው፣ እዚያው እሄዳለሁ። ቀለበቱ ሁለት ቢሆን እሄዳለሁ፣ ሃያ ቢሆን እሄዳለሁ።

ሰዓደት

*

ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጀርመን

ለማከብርዎት ለእትዬ ሰዓደት፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለአፍራ ሠርግ በሰላም ያድርስዎ።

ቀለበቶቹ አምስት ናቸው።

ከግርጌው የመጣው ቁራጭ ቅርፊቱ ሥር ያለውን የመጨረሻ ክረምት እንዳለ ይዟል። ከዚያ ወደ ውስጥ አምስት ቀጫጭን ቀለበቶች ተደርድረዋል። ከፊተኛው ቁራጭ ላይ ሦስቱ ውጨኞች በመላጊያው ሄደዋል። እኔ የቀሩትን ሁለቱን የመጨረሻዎቹ አድርጌ ቆጠርኳቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ድርቁ የጀመረው በ1973 ክረምት ነው፣ እርስዎ ከመዳርዎ በፊት።

በዚህ ጊዜ አፌን ዘግቼ አስተያየሁ። ከመስጊዱ ግቢ ጽድና ከወንዙ ማዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽድ ዛፎቹን ሳንቆርጥ እንደ እርሳስ የቀጠኑ ናሙናዎች አውጥተን ነበር። በሁለቱም ውስጥ እነዚያው አምስት ክረምቶች ቀጥነዋል። አሁን አልሳሳትም።

ለምን ማንም እንዳላወቀው ሳስብ ሰነበትኩ። እንሰቱ ይመስለኛል። እንሰት ሥሩ ውስጥ ውሃ ይይዛል፤ ዝናብ ሲያንስ ይቆማል፣ ሰው እየቆረጠ ይበላል። በመጀመሪያዎቹ ክረምቶች ማንም አልተራበም፤ ለክፉ ጊዜ የቆመው እንሰት ነበረ። ያ ሲያልቅ እርስዎ ገቡ። ሰው ድርቁን ያየው ሰማዩ ላይ ሳይሆን ጓዳው ላይ ነው፤ ጓዳው ደግሞ ዘግይቶ ጎደለ። በሌሎች አገሮችም እንደዚህ ይመስለኛል። ዛፉ ላይ የድርቁ መጀመሪያና ሰው የሚያስታውሰው መጀመሪያ አይገጥሙም። በመካከል ባለው ጊዜ የመጣ ሁሉ ይከሰሳል። ሀያቱም ምናልባት።

ለአያቴ ደውዬ አስረዳሁት። በማግስቱ ራሱ ደወለና «ትግባ። እንጨቱ ነፃ አውጥቷታል፣ በሽማግሌ ፊት እናገራለሁ» አለኝ። እትዬ፣ በደስታ አለቀስኩ! ይህን ሁሉ በጽሑፌ ውስጥ ላስገባው እፈልጋለሁ። ስምዎን እንድጠቅስ ይፈቅዱልኛል?

አክባሪዎ ማሂራ

*

ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
መርካቶ

ለማሂራ፣

አላህ እውቀትሽን ይጨምርልሽ። አፍራ ተዳረች። አንቺ ስላልነበርሽ የሆነውን ልጻፍልሽ፤ ዱንያ ከጻፈችልሽ ታለሳልሰዋለች።

መቀመጫዬን በሻሽ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። በሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ «እማማ፣ ይህ ጉማጅ ለብቻው ሊከፍል ነው?» አለኝ። «ከአንተ በዕድሜ ይበልጣል፣ ተነሥለት» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ስንደርስ ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ነበር። እንደ ልማዳቸው ዓይናቸው እግሬ ላይ ነው።

ጃፋር ከድንኳኑ አፍ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል። አርጅቷል። ዓይኑም ብዙ አያይም፣ በድምፄ ነው የለየኝ። ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሣ።

«ሰዓደት፣ ግቢ። እንጨቱ ነፃ አውጥቶሻል። ያለፈው አለፈ» አለ። ሽማግሌዎቹ «አሚን» አሉ። ዱንያ ከኋላዬ «ግቢ እማዬ፣ በአላህ ግቢ» ትላለች።

ሌላ ሴት ብትሆን አመስግና ትገባ ነበር። እኔም መንገድ ላይ ሳስበው እንደዚያ የማደርግ መስሎኝ ነበር።

«ማን አስሮኝ ነው እንጨት የሚፈታኝ?» አልኩት።

«ምን አድርግ ትይኛለሽ እንግዲህ?»

«በሽማግሌ ፊት አስወጣኸኝ። በሽማግሌ ፊት በድያት ነበር በል።»

«ያኔ የመሰለኝን ነው የተናገርኩት። ከብቴ በግቢዬ ሲወድቅ፣ ልጆቼ ሲያለቅሱ ምን ላስብ? ሁሉም ሰው የመሰለው እንደዚያው ነው። ደግሞ እንጨት ነው፣ እንጨት ምን ያውቃል?»

«አንተ አይደለህም እንዴ ይህ ዛፍ ዕድል ያመጣል ብለህ የቆረጥከው? ያኔ ያውቅ ነበር፣ አሁን ሲናገርህ እንጨት ሆነ?»

አንድ ሽማግሌ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ጃፋር ግን በድያት ነበር አላለም። ማሂራ፣ ይህን ለይተሽ ያዢ፤ አላለም። ከዘራውን መሬት ላይ እያዞረ ቆየና ተቀመጠ። ለአፍታ አሳዘነኝ። ግን ካሁን በኋላ ሊያሳዝነኝ ይችላል እንጂ ሊያስቆመኝ አይችልም።

ሻሹን ፈትቼ መቀመጫዬን በብብቴ ይዤ ገባሁ። ከሙሽራዋም፣ ከሚዜዎቹም፣ ከሽማግሌውም ቀድሜ ገባሁ። የብሎኬት ቤት ምሰሶ የለውም። ምሰሶ ሊቆምበት ይገባ በነበረው ከቤቱ መሃል ግርጌውን አስቀመጥኩና ተቀመጥኩበት። አፍራ ከጓዳ ስትወጣ አየችኝ። ያ ሁሉ ልብሷ ሳይገዳት መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። «ቦታው ላይ መለስሽው» ብላ ሳቀች፤ ኩሏ እስኪፈስ ሳቀች።

ያን ጊዜ ዝናብ መጣ። ድንኳኑ ላይ እንደ ባቄላ ይንጣጣ ጀመር። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እግሬን አየ። አንዷ «እልል በሉ! የእሷ እግር ነው!» ብላ ልታስጨበጭብ ተነሣች። ይገርምሻል፣ ከድርቁ ይልቅ ይህ አናደደኝ።

«ተቀመጪ» አልኳት። «የዚያን ጊዜውን ድርቅ አልወሰድኩም፣ ይህንንም ዝናብ አልወስድም። ሰኔ ሊገባ ነው፣ ዝናቡ በራሱ ጊዜ መጣ።»

ስሜን ልጥቀስ ወይ ብለሽኛል። ጥቀሺው፣ ሰዓደት ብለሽ በሙሉ ጻፊው። ግን «እንጨቱ ነፃ ያወጣት» ብለሽ አትጻፊ። እንጨቱ ስለ ዝናብ ነው የተናገረው። ስለ እኔ የተናገረው ጃፋር ነው፣ እሱ ደግሞ ቃሉን አላነሣም። ስለ ሀያቱም ከጻፍሽ ዝናብ ያሰረች ሴት አትበያት። ወንዝ ያሻገሯት ሴት በያት። እሷ በራሷ እግር አልሄደችም፤ አውቀዋለሁ።

ፉርቃን ትናንት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ደረስኩበት። ገና አልሸጠም። «እትዬ…» ብሎ እጁን ዘረጋ። አልቆምኩም። ኮረሪማዬን አስመዝኜ ወጣሁ። የጃፋርን ይቅርታ አልጠብቅም። ሌላ ቁራጭም ለማንም አልልክም፤ መቀመጫዬ ካሁን በኋላ መቀመጫ ብቻ ነው። ደግሞም በማንም ደጃፍ፣ በራሴም ሱቅ ቢሆን፣ የቱ እግሬ እንደቀደመ ጎንበስ ብዬ አላይም።

ሰዓደት